በአፈርሳታ ላይ የተተረጎመ ግሥ

«ስቲል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉም በትክክል ያወቅሁት ዳንግላ፣ ሜዳ ላይ፣ ያገሩ ወንድ ሁሉ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ እያየኝ ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል አስተምሬዋለሁ። ማንም ተሳስተሃል ያለኝ የለም፤ ማን ይበለኝ!

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ዐርብ፣ ክፍሉ ስምንተኛ። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ማለት ጺማቸውን የሚላጩ ሰዎች ክፍል ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሁለት ልጅ የወለደ ተማሪ ነበረኝ። ልጆቹ ሲያማቸው ፈቃድ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ «ስቲል፣ ስቶል፣ ስቶለን» ብዬ ጽፌ እነሱ ተከትለው ሲጮሁ ይኼ ሰውዬ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ባለፈው ሳምንት ሮብ የሚል ግሥ አስተምረውን ነበር። እሱንም መስረቅ ነው ብለውናል። ዛሬም ስቲል መስረቅ ነው ይላሉ። አንዱ መስረቅ ከሌላው መስረቅ በምን ይለያል?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ያን ጊዜ ለመምህር አልተፈቀደም፤ ማን እንደከለከለ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። «እሱን ሰኞ እንመጣበታለን፤ አሁን ድገሙ» አልኩና አስጮህኳቸው። ሰውየው ደገመ፤ ግን ዓይኑን ከላዬ አላነሳም። ብሽቅ አልኩ።

ትምህርት ቤቱ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረው። ቀይ ልባስ ያለው፣ ወፍራም፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመንግሥት ማኅተም የተመታበት መጽሐፍ ነው። መኖሪያው በዲሬክተሩ ቢሮ በቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ ይታያል፣ እንግዳው ሲሄድ ይቆለፍበታል። አንድ ቃል ተፈልጎበት ያውቃል ብዬ አላምንም። ዲሬክተሩ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከበላዩ ያለን ሰው ሁሉ ይፈራል፣ ከበታቹ ያለውን ሁሉ ይጠረጥራል። በዚያን ዕለት በጊዜ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ መንደር የሚኖር አገው። እኔም የቆሰበር አገው ልጅ ስለሆንኩ ሰው በሌለበት በአገውኛ ነበር የምንጫወተው። በአማርኛ ሲሆን ግን አንቱ ይለኛል። እኔ የልጁ እኩያ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። «ኧረ መምህር! መንግሥት ያስቀመጠውን ሰው እንዴት አንተ እላለሁ?» ብሎ እምቢ አለኝ። እኔም ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

«አባባ፣ ቁም ሣጥኑን ይክፈቱልኝ፤ መጽሐፉን ወስጄ ሰኞ ጠዋት እመልሰዋለሁ» አልኩት። ከፈተልኝ። መጽሐፉን ራሱ አወጣው፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ ከጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንሥቶ ጠቀለለልኝ። «አቧራ እንዳይነካው» አለኝ። መጽሐፉን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ሮብ ማለት ባለቤቱ እያየ፣ በጉልበት ወይም በማስፈራራት መውሰድ ነው፤ የሚዘረፈው ሰውየው ነው። ስቲል ማለት ግን ባለቤቱ ሳያይ፣ በስውር መውሰድ ነው፤ የሚሰረቀው ዕቃው ነው። እንዴት ደስ አለኝ! ሁለት ልጅ የወለደውን ሰውዬ ሰኞ ጠዋት አፉን ላስይዘው ነው። ቅዳሜና እሁድ መጽሐፉን እንደ ጎረምሳ ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ከኤ ተነሥቼ ቢ ላይ ደረስኩ።

ጉዱ የፈላው ለካ ቅዳሜ ነው። ከደብረ ማርቆስ ድንገት የትምህርት ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ዲሬክተሩ እንደ ልማዱ መጽሐፉን ሊያሳየው ቁም ሣጥኑን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። ባዶ! ዘበኛው ቅዳሜ የጽዋ ማኅበር ነበረበትና መንደሩ ነበር፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ተቆጣጣሪው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ዲሬክተሩ ተቆጣጣሪው ምን እንደጻፈ አላየም፤ ባላየው ነገር ላይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልተኛም።

እኔ የሰማሁት እሁድ ማታ፣ ስኳር ልገዛ ብሄድ፣ ከባለሱቁ ነው። እስላም ነጋዴ ነው፤ የዳንግላ ወሬ ሁሉ ከእሱ ሱቅ ተነሥቶ ወደ እሱ ሱቅ ይመለሳል። «የመንግሥት መጽሐፍ ተሰርቋል አሉ» አለኝ ስኳሩን እየመዘነ። «ማኅተም ያለበት። ሌባው ከተገኘ አለቀለት።» ስኳሬን ሳልቀበል ወጣሁ። ጠርቶ መለሰኝ።

ሰኞ ማለዳ ዘበኛውን ከበሩ ላይ አገኘሁት። ገና ምንም አልሰማም። «አባባ፣ መጽሐፉን እስከ ቀትር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እስከዚያ ማንም ቢጠይቅዎ እኔ መውሰዴን እንዳይናገሩብኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝ። «ምነው? ምን ሆነ?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ ሄደው እኔ ነኝ አይሏቸውም?» አለኝ። «እላለሁ፣ እላለሁ፤ እስከ ቀትር ብቻ» አልኩት። «እሺ መምህር» አለኝ። የዚያ ሰው እሺ ማለት እሺ ነው።

«እኔ ወሰድኩት።» ይኼው ነው፤ ሁለት ቃል። ከሁለቱ ቃላት አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ። በሰንደቅ ዓላማው ሥር ስንሰለፍ ዲሬክተሩ በተቆጣጣሪው ፊት ቆሞ፣ መጽሐፉን የወሰደ ሰው የመንግሥት ጠላት ነው፣ የትምህርት ጠላት ነው፣ ብሎ ጮኸ። ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ ሹመቴ ያልጸደቀ መምህር ነኝ። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራሁ። ተሸሽጌ እመልሰዋለሁ ብዬ በቀትር ብሄድ ቁም ሣጥኑ በሰም ታትሟል፣ በበሩ ላይ ፖሊስ ተቀምጧል።

ዲሬክተሩም ዘበኛውን ያዘው። «ቁልፍ ያለን ሁለታችን ነን። እኔ አልወሰድኩም» አለው። «እኔም አልወሰድኩም» አለ ዘበኛው። «ታዲያ ማን ወሰደው?» ሽማግሌው እስከ ቀትር ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ ቀትር ደግሞ አልፏል፤ እኔን ሲያይ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። «ጊዜ ይስጡኝ» አለ። ይህን የሰማ ሁሉ የሰማው ሌባ ሲናገር ነው። ከሥራ ታገደ። ከዚያ የባሰውን የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ሴት ልጁ ለጥር ሠርግ ታጭታለች፤ የአማቾቹ ሽማግሌ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ነገሩ እስኪጠራ ቀኑ ይቆይ» ብሎታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሌባ ልጅ አናገባም ማለት ነው፤ በጨዋ አነጋገር። ልጅቱ ማቅ የለበሰች ያህል ከቤት አልወጣችም አሉኝ።

የምክትል ወረዳው ገዢ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ዕቃ ከሆነማ ብሎ አፈርሳታ አስጠራ። አፈርሳታ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ዕቃ ሲጠፋና ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ካህኑ መስቀሉን ይዞ፣ ያየ ያልተናገረ፣ የሰማ የሸሸገ ውግዝ ይሁን ብሎ ይገዝታል። ከዚያ ሦስት ሽማግሎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው አንድ በአንድ ወደ እነሱ እየሄደ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል፤ የማያውቅም አላውቅም ይላል። ሁሉም ስለሚሄድ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። የተናገረው ሰው ወፍ ይባላል። ሽማግሎቹ ተነሥተው «ወፍ እገሌ ነው ብላናለች» ካሉ፣ እገሌ ይያዛል። ሌባው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራው አይሄድም።

ታኅሣሥ መሆኑን አትርሱ። ያገሬው ጤፍና ዳጉሳ አውድማ ላይ ነው። ገበሬው በሬውን ፈቶ፣ መንሹን ጥሎ፣ ለመዝገበ ቃላት ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ግማሹ መዝገበ ቃላት ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ታቦት የተሰረቀ መስሎት ሲያዝን ነበር። መጽሐፍ መሆኑን ሲሰማ ከማዘን ወደ መናደድ ተዛወረ። ባለሱቁማ ሱቁን ዘግቶ ወጥቶ፣ «ለመጽሐፍ! የእኔ ስኳር በጆንያ ሲሰረቅ ማን ሜዳ ወጣልኝ?» እያለ የቀኑን ግማሽ አሳለፈ። እስላሞቹ በራሳቸው እምነት ማሉ፤ ሌላው በካህኑ ግዝት ተያዘ። ቀኑ በከተማው ሰው ብቻ መሸ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ለነገ ተባልን።

በማግሥቱ ከእኔ ቀጥሎ ዘበኛው ነበር የተቀመጠው። ተራው ከእኔ በኋላ ነው። ከእሱ አምስት ሰው አለፍ ብሎ የሴት ልጁ የወደፊት አማች፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ፣ ወደኛ ሳያይ ያየናል። ዘበኛው ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። በግዝት አይዋሽም። ለእኔ የሰጠውንም ቃል አይበላም። ዛፉ ሥር ሄዶ ዝም ይላል፤ ሽማግሎቹም ዝም ያለውን ሰው ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር ብሎ በአገውኛ «ተናገር» አለኝ። አንዲት ቃል ናት።

ተራዬ ደረሰና ወደ ዛፉ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው የምሸማቀቅበትን ነገር ያደረግሁት እዚያ ላይ ነው። በሽማግሎቹ ፊት ተንበርክኬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሌባው የእንግሊዝኛው መምህር ነው» አልኳቸው።

ሦስቱም አዩኝ። ዋናው ሽማግሌ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሬና ፈረስ የሰረቁ ሰዎችን ሲያጣራ የኖረ ገበሬ ነው፣ ጭራውን ከትከሻው አወረደ።

«የእንግሊዝኛው መምህር አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ወፉስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ወፍ ማን እንደሆነ አይነገርም ስለተባለ፣ በወፍ አፍ ቢነገር ብዬ…»

«ተው እንጂ!» አለኝ። «ወፍ በሌላ ሰው ላይ ነው እንጂ በራሱ ላይ አይሆንም። አርባ ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያለ ወፍ አላየሁም። ስለ ራስህ የምትለው ካለህ ውጣና በሰው ፊት በል።» ሌሎቹ ሁለቱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ይዘው ቀሩ።

ወጥቼ መሐል ቆምኩ።

«እስቲ ንገረን፤ ምን አደረግህ?» አለ ዋናው ሽማግሌ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

«መጽሐፉን እኔ ወስጄዋለሁ።»

ሜዳው አጉረመረመ። አውድማቸውን ጥለው የመጡት ተነሥተው ቆሙ። ዲሬክተሩ ጃንጥላውን ጣለ። ሽማግሌው በጭራው አስቀመጣቸው።

«ወሰድህ ነው ወይስ ሰረቅህ?»

መቼም መምህር ነኝ፤ ለመሞት እንኳ ስቀርብ ከማስረዳት አልመለስም። «አባቴ፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ነው» አልኩ። «አንደኛው ሮብ ይባላል፤ ባለቤቱ እያየ በጉልበት መውሰድ ነው። ሁለተኛው ስቲል ነው፤ በስውር መውሰድ ነው። ሦስተኛው ቦሮው ነው፤ ሊመልሱ መዋስ ነው። እኔ ሰኞ ልመልሰው ነበር።»

ሽማግሌው በጥሞና ሰማኝ። ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድም እንደዚያ የሰማኝ የለም።

«እሺ፤ ከኋላ እንጀምር። ከተዋስህ ማን አዋሰህ? ዲሬክተሩን ጠየቅህ?»

«አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያ ሦስተኛው ቀረ። ዲሬክተሩን መትተህ ነጠቅኸው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አንደኛውም ቀረ። እንግዲህ ያለን ስውሩ ነው። ስትወስድ ያየህ ሰው ነበር?»

ትርጉሙ የገባኝ ይኼኔ ነው። ሰው እያየኝ ነው የወሰድኩት ካልኩ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም፤ ዘበኛው ግን አይቶ የሸሸገ ሰው ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲጠየቅ የደበቀ፣ ካህኑም የገዘቱት እንዲህ ያለውን ነው። አማቹ ጋቢውን ከአፉ ላይ አውርዶ እየሰማ ነው። ማንም አላየኝም ካልኩ ግን ግሡ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ዘበኛው ነጻ ነው። ወደ ዘበኛው አየሁ። ቀና ብሎ በቀጥታ ያየኛል፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

«ማንም አላየኝም» አልኩ።

«ቁልፉንስ?»

«ዘበኛው ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ከተሰቀለበት አነሣሁ። እሱ ምንም አያውቅም።»

«እንግዲያ የትኛው ነው ያደረግኸው?»

«ስቲል ነው» አልኩ።

«እሱን እዚያው ተወው። ይኼ ሁሉ ሰው በሚሰማው ተናገር።»

«ሰረቅሁ።»

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። እውነት ለመናገር ደረቴን ነፋሁ። አንድን ሽማግሌ ከነልጁ ያዳንኩ፣ ለዚህም ስሜን የሰጠሁ ጀግና ሆኜ ታየሁኝ። አማቹ ተነሥቶ መጥቶ ዘበኛውን ትከሻውን ሳመው። ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ዘበኛው ግን እንደተቀመጠ ነበር። ደንግጦ ነው ብዬ አሰብኩ። ገበሬው ለሌባው አንድ የእርግማን ቃል እንኳ ሳይተው ወደ አውድማው ሮጠ።

ያገኘኝን በአጭሩ ልጨርሰው። መጽሐፉን መለስኩ። ሽማግሎቹ ዲሬክተሩን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድለምን ፈረዱብኝ፤ ለመንኩ። ዲሬክተሩ ይቅር አለኝና ከዚያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ከጥር በኋላ ወደ ጫግኒ እንድዛወር ተወሰነ፤ ያን ጊዜ ጫግኒ መዛወር ወባ እንዲበላህ መላክ ነው። ሁለት ልጅ የወለደው ተማሪዬ ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ ተነሥቶ «መምህር፣ ልዩነቱ ገብቶናል፤ አይድከሙ» አለኝ። ከተማውም መምህር ስቲል ብሎ አወጣልኝ። ባለሱቁ ብቻ ነው በድሮ ስሜ የሚጠራኝ፤ ግን ስሸምት እጄን ያይ ነበር።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር የሰነበትኩት። ሰው ሲሰድበኝ፣ እናንተ አታውቁም እንጂ ብዬ በሆዴ እስቃለሁ። ዘበኛው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል፤ ግን አንቱ ማለቱን ትቶ በአገውኛ ብቻ ያናግረኝ ጀመር። የውስጥ ሰው አደረገኝ ብዬ ኮራሁ።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ጠርቶኝ ሄድኩ። ሌባ ቢሉኝም ሁሉም ቦታ ለቀቀልኝ፤ ሠርግ ነው። ዳሱ ሙሉ ነው፣ ጠላው እንደ ጉድ ይቀዳል፣ በሬ ተጥሏል፤ ከጾሙ በኋላ ሰው ሥጋ አምሮት ነበር፣ እኔም ብቻዬን የምኖር ወንደላጤ ነኝ፣ አልተግደረደርኩም። ሙሽሪት ስትወጣ እልልታው ሲቀልጥ፣ በእኔ አንዲት ቃል የወጣች መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሙሽሪት አባት እየዞረ እንግዳውን «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ይላል። እሱ ግን ጥግ ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ ያለው አንድ እፍኝ ቆሎና ውኃ ብቻ ነው። መጀመሪያ አሞት ይሆናል አልኩ። ቆይቼ ተነሥቼ አጠገቡ ሄድኩ።

«አባባ፣ በልጅዎ ሠርግ እንዲህ ይሆናል? ሥጋ ሳይቀምሱ?»

«ጾም ላይ ነኝ» አለኝ።

«የምን ጾም? ገና አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ!»

በአማርኛ ነው የመለሰልኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ። «ካህኑ ሲገዝቱ አልሰማህም? ያየ ያልተናገረ አሉ። አይቻለሁ እኮ። በጋዜጣ የጠቀለልኩልህ እኔ ነኝ። ማንም አላየኝም ስትል ዝም አልኩ። ሄጄ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ አርባ ቀን ከነስግደቱ ሰጡኝ። ስድስት ቀን ይቀረኛል።»

«እርስዎን ላድን ብዬ ነው» አልኩት።

«እሱን አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት! «እኔ ግን ቆመህ ሳይህ፣ ዘበኛው አይቶኛል፣ ዝም በል ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ትላለህ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱን ብትል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ሌባ ነኝ ማለት ቀለለህ።»

ከዚያ ተነሣ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «በል ሂድ ብላ፤ ልጄ ናት የተዳረችው» አለኝና ወደ እንግዶቹ ሄደ። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው ገበታውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ጥብሱ ገና አላለቀም፣ ጨምር አለኝ። እኔ ጥብሱንም ዱለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨምሬ ነበር።